መንሣትና ማንሣት፤ ስለ አንዲት ትንሽ ቤት ፎቶግራፍ

የሰው እጅ የሌላውን ገንዘብ ሲወስድ ሌብነት እንደሚባል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዓይን የሌላውን ገንዘብ ሲነካ ግን ስሙ ምን እንደ ሆነ አዋቂዎችም በአንድ ቃል አልተስማሙም። ዓይን መጋረጃ ካልጋረደው በቀር ሌላ አያግደውም፤ ባየውም ነገር ላይ አንዳች አይጨምርም፥ አንዳችም አይቀንስም። ስለዚህ ማየት ለሰው ሁሉ የተፈቀደ ነው እየተባለ ኖሯል። ነገር ግን ዓይን ያየውን የሚያስቀር፥ ያስቀረውንም የሚያበዛ፥ ያበዛውንም እስከ ዓለም ዳርቻ የሚልክ መሣሪያ በሰው እጅ ከገባ ወዲህ ነገሩ እንደ ገና መመርመር አስፈልጎታል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሰው በሰፈሩ ያያትን፥ አሠራሯ እንግዳ የሆነ አንዲት ትንሽ ቤት፥ ባለቤቷን ሳይጠይቅ ፎቶግራፍ ቢያነሣ ሥራው ምን ይባላል? በደል ነውን? ወይስ ውለታ? ወይስ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፥ እንደ ነፋስ ማለፍ ያለ ነገር?

ቤቲቱ ትንሽ ስለ ሆነች ጥያቄውም ትንሽ የሚመስለው ሰው አይታጣም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግን እንዲህ አይልም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ግን ስምንት ቤት ነው። ቢሆንም ተማሪው ቅኔ መቍጠር የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙንና ወርቁን በየቦታው ማኖር ያልቻለ ሰው ወደ ስምንት ቤት ቢዘልቅ ስሕተቱን ያበዛዋል እንጂ አያርመውም። በግብረ ገብም ነገር እንዲሁ ነው። በትንሺቱ ቤት ፊት የሚገባው ሥርዓት ካልታወቀ በትልቁ ግቢ ፊት የሚገባው አይታወቅም።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የወለጋ ከተማ ናት። በከተማዪቱ ውስጥ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፥ በክርስትና ስማቸው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ግቢ አለ። ኩምሳ በ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት በተደረገበት ዘመን የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት የሞረዳ በከሬ ልጅ ናቸው። ወደ ነቀምቴ የመጣ እንግዳ ይህን ግቢ ማየት ይወዳል፤ ያየም ፎቶግራፍ ማንሣት ይወዳል። በዚህም ማንም አይበደልም። የመኳንንት ቤት ከመጀመሪያውም ለመኖሪያ ብቻ አይሠራም፤ ግብር የሚበላበት፥ ነገር የሚሰማበት፥ የጌትነት ማዕርግ ለአላፊ አግዳሚው የሚገለጥበት ነው። እንዲህ ያለው ቤት መታየት ሥራው ነው። ያላየው ሰው ቢበዛ ባለቤቱን ያሳዝነዋል እንጂ ያየው ቢበዛ አያስከፋውም።

ከዚያ ግቢ ወጥቶ ወደ ነቀምቴ መንደሮች፥ ወይም ወደ ጊምቢ፥ ወደ ነጆ፥ ወደ ሻምቡ፥ ወደ ደምቢ ዶሎ የሄደ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ቤት ያያል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፥ ክዳኑ በቀድሞው ጊዜ ሣር፥ በኋለኛው ጊዜ ቆርቆሮ ነው። የወለጋ ክረምት ረጅም ነው፤ ዝናቡም ጭቃውን እያጠበ ያወርደዋል፥ ባለቤቱም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ መልሶ ይመርገዋል። ይህ ቤት የተሠራው ሊታይ አይደለም፤ ሊኖርበት ነው። መታየቱ ከሥራው ውጭ በግድ የመጣበት ነው፤ ሰማይ ለሁሉ የተዘረጋ፥ መንገድም ለሁሉ የተከፈተ ስለ ሆነ ብቻ ይታያል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ ይታይ። በነቀምቴ በአንድ መንደር፥ ሁለት መንገድ በሚለያዩበት ማእዘን ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አለች ይባል። ቦታው ሦስት ማእዘን ስለ ሆነ ቤቲቱም ሦስት ማእዘን ናት። ግማሽ ክዳኗ ሣር ነው፤ ግማሹ ከዘይት ቆርቆሮ ተቀዶና ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። በጕልላቷ ላይ አፉ የተሸረፈ እንስራ ተደፍቶባታል። መስኮቷ ከበሯ ይሰፋል። ያያት እንግዳ ሁሉ ሳይስቅ ወይም ሳይደነቅ አያልፍም። በውስጧ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ይኖራሉ። ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ የነበረ የሰፈሩ ልጅ ለዕረፍት ሲመለስ በኪሱ በያዘው ስልክ ቤቲቱን ያነሣታል። ሥዕሉን ለወዳጆቹ ይልካል፤ እነርሱም ለወዳጆቻቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ያለው ያያታል፥ ባሕር ማዶም ያለው ያያታል። አንዱ ይስቃል፤ አንዱ ያዝናል፤ አንዱ «እንዲህ ያለ ቤት ዛሬም አለን?» ይላል፤ አንዱ ያሠራሩን ብልሃት ያደንቃል። ባልቴቲቱ ነገሩን የሚሰሙት ከሁሉ በኋላ፥ በገበያ ነው። ጨው የምትሸጥላቸው ሴት «ቤትዎን እኮ አየሁት» ትላቸዋለች። ማታ ልጁን በመንገድ ሲያገኙት አይቈጡትም። «ልጄ፥ ቤቴን ወዴት ወሰድሃት?» ብለው ብቻ ይጠይቁታል። ልጁም «እማማ፥ ቤትዎ ያው ቆማለች፤ እኔ ምን ወሰድሁ?» ብሎ ይመልሳል።

የነገሩ ሁሉ ክርክር በነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ነው።

የልጁ መልስ እንደ ዋዛ የሚጣል አይደለም። ላም የተሰረቀ ሰው ወተት ያጣል፤ እህል የተዘረፈ ሰው እንጀራ ያጣል፤ ቤቱ ፎቶግራፍ የተነሣበት ሰው ግን ማታ ገብቶ የሚተኛው በዚያው ቤት ነው። መንገዱም የልጁም መንገድ ነው፤ ባልቴቲቱ ቤታቸውን በመንገድ ዳር ባቆሙ ጊዜ ለመንገደኛ ዓይን አቁመዋታል። ዓይኑ ባየው ቀን ያልተበደለ ቤት፥ ዓይኑ ያየውን መሣሪያው ባስቀረው ጊዜ እንዴት ተበደለ ይባላል? ከዚህም በላይ ልጁ ክፋት አላሰበም። ቤቲቱ ደስ ብላዋለች፤ ደስ ያለውን ነገር ለወዳጅ ማሳየትም የሰው ተፈጥሮ ነው።

የአገሩም ሕግ ሲመረመር ለልጁ የሚያደላ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው ቍጥር፥ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለመልኩ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛ፥ እንዳይሸጥም ይከለክላል። በ28ኛው ቍጥር ደግሞ ሰውዬው ስመ ጥር ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፥ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተደረገ ሲሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይለያል። በ13ኛው ቍጥር ማንም ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሰው መኖሪያ እንዳይገባ ያዛል። እንግዲህ በነዚህ ቍጥሮች የሰው ፊት ተጠብቋል፥ የቤትም ደፍ ተጠብቋል። በፊትና በደፍ መካከል ያለው፥ ማለት ቤት ወደ መንገድ የሚያሳየው ገጹ፥ ግን በስሙ አልተጠራም። ስለዚህ ልጁን በሕግ መክሰስ አይቻል ይሆናል። ነገር ግን ሕግ ዝም ባለበት ሁሉ ሕሊናም ዝም ይበል ማለት አይደለም፤ ሕሊና ብዙ ጊዜ መናገር የሚጀምረው ሕግ ዝም ባለበት ነው።

አሁን ወደ ባልቴቲቱ ቃል ይመለሷል። እርሳቸው «ቤቴን ወሰድሃት» ሲሉ ግድግዳውንና ክዳኑን ማለታቸው እንዳልሆነ ግልጥ ነው። ታዲያ የተወሰደባቸው ምንድር ነው?

መንገደኛ በበራቸው ሲያልፍና ቤታቸውን ሲያይ እርሳቸውም መንገደኛውን ያዩታል። ቢስቅ «ምን ያስቅሃል?» ሊሉት ይችላሉ፤ ቢደነቅ «ግባና እይ» ሊሉት ይችላሉ፤ ክፉ ሰው ቢመስላቸው በራቸውን ይዘጋሉ። ያየና የታየ፥ የጠየቀና የመለሰ፥ በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው። ፎቶግራፉን በሩቅ አገር የሚያይ ሰው ግን ያያል እንጂ አይታይም፤ ይስቃል እንጂ አይጠየቅም፤ ያዝናል እንጂ አይጽናናም። ባልቴቲቱ በሺህ ሰው ፊት ቆመው በአንዱም ፊት አፋቸውን መክፈት አይችሉም። እንግዲህ የተወሰደባቸው መልስ ነው። ቤታቸው ባልነበሩበት ሸንጎ ቀረበች፤ ተከሰሰችም፥ ተመሰገነችም፤ ነገረ ፈጅ ግን አልነበራትም።

ይህም ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚታወቀው መልሱ ምን እንደ ነበረ ሲሰማ ነው። መስኮቱ ከበሩ የሰፋው ሟቹ ባላቸው ልብስ ሰፊ ስለ ነበሩና መርፌ ለመሰካት ብርሃን ስለሚሹ ነው። ቦታው ሦስት ማእዘን የሆነው አዲሱ መንገድ ሲቀየስ ግማሹን ስለ ቈረጠው ነው። ግማሽ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነው አንድ የበጋ ሌሊት እሳት ሣሩን ስለ በላው፥ ጐረቤቱም በማግሥቱ በደቦ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ስላመጣ ነው። እንስራውም የሠርጋቸው እንስራ ነበር፤ አፉ ሲሸረፍ መጣሉ ስላሳዘናቸው ምሰሶው እንዳይበሰብስ በጕልላቱ ላይ ደፉት። እንግዳ ሰው የሳቀበት ነገር ሁሉ አንዱ የባል ፍቅር ነው፤ አንዱ የጐረቤት ምጽዋት ነው፤ አንዱ የእሳት መከራ ነው፤ አንዱ የሙሽርነት ዘመን ነው። ፎቶግራፉ ሰሙን ወስዶ ወርቁን ትቶታል። ቅኔ የሰማ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ «ምን ዓይነት ሞኝ ንግግር ነው?» ብሎ ቢስቅ ሞኙ ባለቅኔው አይደለም።

እንግዳ የሚባለው ነገር ሁሉ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ እንግዳ መሆኑን በደቡብ ያለው የዶርዜ ሰው ቤት ያስረዳል። ይህ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ፥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፥ እንደ ትልቅ ቀፎ ወደ ላይ ረዝሞ የሚሠራ ነው። ብዙ ጐብኚ ያየዋል፥ ፎቶግራፍም ያነሣዋል። ነገር ግን በፎቶግራፉ የማይታይ ነገር አለ። ምስጥ የቤቱን እግር ከሥር ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን እየቈረጠ ያስወግዳል፤ ቤቱም ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል። እንዲህ እያለ ብዙ ዐሥር ዓመት ይኖራል። አሮጌው ቤት አጭር፥ አዲሱ ቤት ረጅም የሆነው ስለዚህ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አጭሩን ቤት አይቶ ባለቤቱ ድሀ ስለ ሆነ አሳጠረው ይላል፤ ያወቀ ግን የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ ያነባል። ደግሞም ይህ ቤት ከቦታ ወደ ቦታ መዛወር ሲያስፈልገው ብዙ ሰው ተሰብስቦ በትከሻው ያነሣዋል። በዶርዜ ቤት ማንሣት ማለት ይህ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ጥሪ አይደረግም፥ በአንድ ሰውም ኃይል አይፈጸምም።

ባለቤቱ ባልተናገረበት ሥዕል ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቃል መጨመሩ አይቀርም። በሐረር ከተማ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚታወቅ ቤት አለ። አርቱር ራምቦ የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ በሐረር በንግድ ሥራ እንደ ተቀመጠ የታወቀ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1883 ፎቶግራፍ ማንሻ አስመጥቶ በሐረር የራሱን መልክ አንሥቶ ለቤተ ሰቡ ልኳል፤ ያጠበበትም ውሃ መጥፎ ስለ ነበር ሥዕሎቹ እንደ ነጡ ጽፎላቸዋል። በስሙ የሚጠራው ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው፥ ባለቅኔውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 ከሞተ በኋላ የቆመ ነው። ነገር ግን ጐብኚው ሁሉ ቤቱን በራምቦ ስም ያነሣዋል፤ ያሠራው ነጋዴና ከእርሱ በኋላ የኖሩበት ሰዎች በሥዕሉ ውስጥ ስም የላቸውም። ያ ቤት ትልቅ ስለ ሆነ ጕዳቱ አይታወቅ ይሆናል። ትንሺቱ ቤት ግን እንዲህ ያለ የሌላ ስም ሲለጠፍባት የምትከላከልበት ኃይል የላትም፤ «የድህነት ምልክት» ያላት እንደ ሆነ በዚያው ትቀራለች፥ «የጥንት አባቶች ጥበብ» ያላትም እንደ ሆነ በዚያው ትቀራለች። ሁለቱም ስም የባልቴቲቱ አይደለም። ማድነቅም ሳይጠይቁ ሲሆን የመግፈፍ ዓይነት አለበት።

የመሣሪያውም ጠባይ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1838 ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ አንድ ሰፊ ጐዳና ከመስኮቱ አንሥቶ ነበር። ጐዳናው ሰውና ሠረገላ የሚመላለስበት ሲሆን በሥዕሉ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። መሣሪያው ብርሃኑን ለመያዝ ብዙ ደቂቃ ይፈልግ ስለ ነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይቀረጽ አለፈ፤ ቤቶቹና ዛፎቹ ግን ቀሩ። ጐልቶ የታየው ሰው ጫማውን ለማስጠረግ በአንድ ስፍራ የቆመ አንድ መንገደኛ ነው። የዛሬው መሣሪያ በዓይን ጥቅሻ ያነሣል፤ ግን ያው ሕግ በሌላ መንገድ ይሠራበታል። የቆመውን ይይዛል፥ የሚኖረውን ያሳልፋል። ግድግዳው ይታያል፤ ግድግዳውን በየዓመቱ የምትመርገው እጅ አትታይም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለባልቴቲቱ የሚያደላ ነው። ነገር ግን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሌላውንም ወገን እስከ መጨረሻው መስማት አለበት። ከልጁ ወገን የቀረ አንድ ጽኑ ምክንያት አለ፤ እርሱም መርሳት ነው። የጭቃ ቤት ይፈርሳል፤ ባለቤቱም ይሞታል፤ መንገድም ይሰፋል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ፎቶግራፍ ሲያነሣ ነበር፤ ቦታው ከተጠረገ በኋላም ያደገበትን ደጅ ሊያይ የሚሻ ሰው በነዚያ ሥዕሎች ካልሆነ በሌላ ሊያየው አይችልም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ከቦታው የሚለቅ ሰው ተነሺ ይባላል። የተነሣውን ቤት ያነሣ ሰው ባይኖር ኖሮ ልጅ ለአባቱ ቤት ምስክር ባጣ ነበር። እንግዲህ ነቀምቴ ያለችውም ሦስት ማእዘን ቤት አንድ ቀን ትወድቃለች። ያን ጊዜ ልጁ ባያነሣት ኖሮ እንዲያ ያለች ቤት ነበረች ብሎ ማን ያምናል? ባልቴቲቱ ራሳቸው ሲያልፉ የባላቸውን መስኮት የሚያስታውስ ማን ነው?

ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ሊፈርስም አይችልም። የሚቀረው ጥያቄ፥ የሚጠብቀውንና የሚገፍፈውን ሥራ በምን መለየት ይቻላል የሚለው ነው። ለዚህም መለያው ራሱ በቃሉ ውስጥ ይገኛል።

በግእዝ ነሥአ ማለት ወሰደ፥ ተቀበለ ማለት ነው። አንድ ፊደል አልፍ ሲጨመርበት አንሥአ ይሆናል፤ ይኸውም የወደቀውን አቆመ፥ ከፍ አደረገ ማለት ነው። አማርኛም ይህን ከግእዝ ወርሶ ነሣ ሲል ከለከለ፥ አሳጣ ማለቱ ነው፤ እንቅልፍ ነሣኝ፥ መልስ ነሣኝ ይባላል። አነሣ ሲል ደግሞ ከመሬት ብድግ አደረገ፥ ስም ጠራ፥ የወደቀን ደገፈ ማለቱ ነው። ሰው ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቃሉ አንድ ሲሆን ሥራው ሁለት ነው። ወይ የባለቤቱን መልስ ነሥቶ ይሄዳል፤ ወይ የባለቤቱን ስም አንሥቶ ያቆማል። ሕብር ቃል በቅኔ ውስጥ ሁለት ፍች ሲይዝ ጌጥ ነው፤ በሰው ሥራ ውስጥ ሁለት ፍች ሲይዝ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

ሁለቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ሲፈጸሙም ታይቷል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በናፒየር አዝማችነት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲስ ወታደሮቹ መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከመቅደላ መጻሕፍት፥ ጽላትና ዘውድ ተወሰዱ፤ የንጉሡም ልጅ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በእንግሊዝ አገር የልጁን መልክ አነሣች። ያ ሥዕል ዛሬም ይታያል፤ ያየውም ሰው የልጁን ዓይን አይረሳውም። ሥዕሉ ባይኖር የልጁ ኀዘን ባልታወቀ ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ልጁን አገሩ አልመለሰውም። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ፤ ዐፅሙ ወደ ኢትዮጵያ ይመለስ ተብሎ የቀረበውም ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ፈቃድ አላገኘም። መልኩ በየአገሩ ይዞራል፤ ሰውዬው ግን በሰው አገር ተኝቷል። ከዚህ የሚታወቀው፥ ሥዕል የተወሰደውን ነገር ማስታወስ እንጂ መመለስ የማይችል መሆኑ ነው። ስለዚህ «አስቀርቼልሃለሁ» ማለት «ወስጄብሃለሁ» የሚለውን ዕዳ አይከፍልም።

እንግዲህ ማንሣት መንሣት እንዳይሆን ምን ይደረግ? መልሱ በዚያው ቃል በሦስተኛው ፍች ይገኛል። የአገሩ ሰው ታላቁን ሰው ሲያከብር እጅ ይነሣል። እጅ መንሣት ማለት ራስን ዝቅ አድርጎ፥ እኔ በአንተ ፊት ቆሜአለሁ፥ አንተም እኔን እየኝ ማለት ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣም ሰው አስቀድሞ እጅ ይንሣ። ወደ ሰው ደጅ የደረሰ ሰው ግድግዳውን ቢያይም «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ይህ አጠራር ጥልቅ ነገር አለበት፤ ቤቱን ጠርቶ ሰዎቹን ማለቱ ነውና። ቤት ማለት ሰው እንደ ሆነ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ሳያስበው ይመሰክራል፤ ሚስትም ባልም ባለቤት ይባላሉ፥ ልጆችም ቤተ ሰብ ይባላሉ። ቤትን ያለ ሰዎቹ ማየት ቃልን ያለ ፍችው መስማት ነው።

እጅ የነሣ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ያገኘ ሰው ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው ሥዕሉን ሲያሳይ ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል። በመጨረሻም ሥዕሉን አስቀድሞ ለባለቤቱ ያሳያል። በገንዘብ ፈቃድ መግዛት ግን ከዚህ ጋራ አንድ አይደለም። የተቸገረ ሰው ስለ ገንዘቡ እሺ ይላል፤ እሺ ማለቱም ብሩን መውደዱን እንጂ መታየቱን መውደዱን አያስረዳም። እጅ መንሻ ከእጅ መንሣት በኋላ ሲሆን ያምራል፤ በእጅ መንሣት ፈንታ ሲሆን ግን ዋጋ ይባላል።

ባለቤቱ «አይሆንም» ቢልስ? ጭንቅ ያለው በዚህ ነው። ቤቲቱ በሚመጣው ክረምት የምትወድቅ ናት ይባል፤ ባልቴቲቱም አይሆንም አሉ ይባል። ልጁ ቢታዘዝ ሥዕሉ ለዘላለም ይጠፋል፤ ባይታዘዝ ሥዕሉ ይቀራል፥ የባልቴቲቱ ቃል ግን ይጠፋል። ብዙ አዋቂ ሰው በዚህ ጊዜ «ለትውልድ ሲባል» ብሎ ሊያነሣ ይወዳል። ነገር ግን ገና ያልተወለደ ሰው ስለሚያገኘው ጥቅም፥ ፊት ለፊት የቆመን ሰው ቃል መርገጥ አይገባም። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት የተናገረው ምሳሌ የታወቀ ነው፤ ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ የድሀውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ። እንግዳን ማስተናገድ መልካም ነው፤ ግን በሰው በግ አይደለም። ትውልድን ማስተናገድም መልካም ነው፤ ግን ሰው ባልሰጠው ምስጢር አይደለም። ስለዚህ ልጁ አጥፎ ወደ ኪሱ ይመልስ። ሊጠፋ የሚገባው ሥዕል አለ። ጕዳቱ እውነተኛ ጕዳት ነው፤ ነገር ግን ሰው የተጐዳበት ጕዳት አይደለም። ዓይኑ ያየውን ደግሞ ማንም አልነሣውም፤ በልቡ ይዞ ለልጆቹ በቃል ይንገር። አባቶች የማያውቋቸውን ቤቶች ሁሉ ያወቁት በዚህ መንገድ ነበር።

ምሳሌው እንዲፈጸም ወደ ነቀምቴ ይመለሷል። ልጁ በባልቴቲቱ ጥያቄ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ተነሥቶ ያድራል ይባል። በማግሥቱ ሥዕሉን በወረቀት አሳትሞ ወደ ሦስት ማእዘኗ ቤት ይሄዳል። በደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ሲወጡም ጐንበስ ብሎ «አካም ቡልታን» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃል። ሥዕሉንም በሁለት እጁ ይሰጣቸዋል። ባልቴቲቱ ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ያዩታል። በዚያች ቤት ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ሲኖሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ማየት ነበር ልማዳቸው፤ ሰው ከመንገድ ሆኖ እንደሚያያት አድርገው አይተዋት አያውቁም። «እንዲህ ታስቃለች እንዴ?» ብለው እርሳቸውም ይስቃሉ። ቀጥሎም «ጭሱስ የታለ? እኔስ የታለሁ? በሩን ለምን ዘግተህ አነሣሃት?» ይሉታል። ልጁ ቡና እየጠጣ የመስኮቱን፥ የቆርቆሮውንና የእንስራውን ነገር ይሰማል። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፍቶ፥ እሳቱ ነዶ፥ ባልቴቲቱ በደፉ ላይ ቆመው ሁለተኛ ሥዕል ይነሣል።

ሁለቱ ሥዕሎች ጐን ለጐን ቢቀመጡ ግድግዳው ያው ነው፥ ክዳኑም ያው ነው። እንግዳ ሰው የትኛው እንደ ተወሰደ፥ የትኛው እንደ ተሰጠ ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ባልቴቲቱ ግን ያውቃሉ፤ ልጁም ያውቃል። ለሕሊና ምስክርነት ሁለት ሰው ይበቃል።